ሁለት ጊዜ የሠራሁት መሻገሪያ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጅማ ጎረቤቶቼ «ጋሽ ታምራት፣ ለመሆኑ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ ሠራህ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ቆጥሬ አላውቅም። ከረዳትነት ተነስቼ ግሬደር ኦፕሬተር፣ ከዚያም ፎርማን ሆኜ ዕድሜዬን በአቧራና በጭቃ መካከል ጨርሻለሁ። የጠረግሁት መንገድ ግማሹ ዛሬ አስፋልት ለብሶ ማን እንደሠራው እንኳ አይታወቅም። በሐሳቤ የምመላለስበት ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው። ርዝመቱ ከአንድ የኳስ ሜዳ አይበልጥም። ከጁባ በስተሰሜን፣ ናይልን ተከትሎ በሚሄደው የጠጠር መንገድ ላይ ያለ የውሃ መሻገሪያ ነው። ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሰውም ተጎድቶበታል። የምጽፈው ስለሱ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ በላቸው የሚባሉ ፎርማን ነበሩ። በወጣትነቴ ከጅማ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ዝናብ ሲጥል ሁላችንም ወደ ድንኳን ስንሮጥ እሳቸው ኮታቸውን ደርበው ይወጡ ነበር። «መንገድ የሚታየው ሲዘንብ ነው፤ በፀሐይማ ሁሉም መንገድ ያምራል» ይላሉ። ውሃው የት እንደሚቆም፣ የት አፈር ይዞ እንደሚሄድ እያዩ በበትራቸው ምልክት ያደርጋሉ። ቱቦ ቀብረን አፈር ስንመልስበት ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ይሄዱበታል። ሮለሩ አልፎበት፣ ዓይን ደህና ነው ያለውን ቦታ የእሳቸው ተረከዝ «እዚህ ጋ ልል ነው» ይላል። ሲቆፈርም እውነት ሆኖ ይገኛል።

አንድ ጊዜ የሠራነው መንገድ ሲቆረጥ «ዝናቡ ከባድ ነበር» አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ።

«ዝናብን አትክሰስ። ዝናብ ካንተ በፊት እዚህ ነበር። ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅከውም እንጂ አልደበቀህም።»

ይህን ቃል ለስንቱ ልጅ እንደነገርኩ! ራሴ ግን ጁባ ላይ ረሳሁት።

ጁባ የሄድኩት በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት መጀመሪያ ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የመንግሥት ሥራዬን ለቅቄ ነበር፤ ደመወዙ ደህና ነበርና የጠራኝን የግል ተቋራጭ እሺ አልኩ። ሥራ አስኪያጃችን ኢንጂነር ሰሎሞን ነበር፤ ያገሬ ሰው፣ ቀልጣፋ፣ ስልኩ ከጆሮው የማይወርድ። ጁባ ከተማ፣ ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር አንዲት ያገራችን ሴት ከምታስተዳድረው ሆቴል ክፍል ይዘን፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ካምፕ ውለን እያደርን፣ እሑድ ልብሳችንን ለማጠብና ሽሮ ለመብላት እንመለሳለን።

ያን ዓመት ሐምሌ ላይ ከተማው ውስጥ ውጊያ ሆነ። ስለሱ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። እኔ የማውቀው የሆቴሉን ኮሪደር ሲሚንቶ ብቻ ነው፤ አራት ቀን በሆዳችን ተኝተንበታል። ጋብ ሲል አብዛኛው ሰው ወደ አገሩ ሄደ። እኔም ሻንጣዬን አስሬ ነበር። ያስቀረችኝ አሪየት ናት።

አሪየት አኙዋክ ናት፤ ደቡብ ሱዳናዊት። በልጅነቷ በስደት መጥታ ያደገችው ጋምቤላ ክልል ፉኝዶ ካምፕ ነው፤ አማርኛዋ ከኔ ይጠራል። ሰርቬይ ተምራ አገሯ ተመልሳ ከኛ ጋር ትሠራ ነበር። ሻንጣዬን ስታይ አልለመነችኝም።

«ሂድ ጋሼ፣ አልፈርድብህም። ግን ግሬደሩን ማን እንደሚነዳው ንገረኝ። መንገዱ እንደተቆረጠ ነው። ከካስተም ገበያ እህል ጭኖ ወደ ሰሜን የሚወጣ መኪና ሁሉ እየተመለሰ ነው። እዚያ ያለው ሕዝብ ምን ይብላ?»

ሻንጣውን ፈታሁት። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ጥያቄዋ መልስ ስላልነበረው ነው።

ሥራው መሬቱን ማሸነፍ ነበር። ያ አካባቢ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ እንደ ሊጥ ሆኖ ጎማ ይውጣል። ዋልካ ላይ ጠጠር ብታለብስ ልብስህን ጭቃ ላይ እንደማንጠፍ ነው። ጥቁሩን አፈር ቆርጠህ ታወጣለህ፣ ቀይ አፈር ከኮረብታ አምጥተህ በስሱ በስሱ እየደለደልክ ታስረግጣለህ፣ መሀሉን እንደ ዓሣ ጀርባ ከፍ ታደርገዋለህ፣ ግራና ቀኝ ቦይ ታወጣለታለህ። ግሬደር ላይ ስትቀመጥ የምላጩን ሥራ በዓይንህ አታየውም፤ በመቀመጫህ ነው የምትሰማው። ምላጩ ድንጋይ ሲነካ አንድ ዓይነት፣ እርጥብ አፈር ሲነካ ሌላ ዓይነት ይንቀጠቀጣል። በዚህ እጄ እኮራ ነበር። ኩራቱ ነው የጎዳኝ።

አንድ ኮር ነበር። ኮር የሚሉት በበጋ ደረቅ አሸዋ፣ በክረምት ወንዝ የሚሆነውን ሸለቆ ነው። መንገዳችን እሱን መሻገር ነበረበት። ንድፉ ሦስት ትልልቅ የሲሚንቶ ቱቦ ይላል። ሁለቱ መጡ፤ ሦስተኛው በመንገድ ላይ ተሰነጠቀ። እኔ ደግሞ ቱቦው እንዲበቃን ብዬ ኮሩ የሚጠብበትን ቦታ መረጥኩ።

ቦታውን ስንለካ ሀቦባ ኪደን መጣች። ሀቦባ ማለት አያት ማለት ነው፤ አካባቢው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራት። ከብቶቿን ይዛ በዚያ የምታልፍ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት። ካስማችንን አይታ ሳቀች። ከዚያ ወደ አንድ የሾላ ዛፍ ሄዳ እጇን ከራሷ በላይ አንስታ ግንዱን ነካች።

«ሞያ ከቲር» አለች። ውሃው ብዙ ነው ማለቷ ነው። ቀጥላ ወደ ላይ፣ ኮሩ ወደሚሰፋበት እያመለከተች ብዙ ተናገረች።

«እዚህ ጋ ውሃው ይናደዳል ነው የምትለው» አለችኝ አሪየት። «ከብቶቹ እንኳ የሚሻገሩት እዚያ ላይ፣ ሰፊው ጋ ነው። ጋሼ፣ ብናስብበትስ?»

ዛፉን አየሁት። በዚያ ከፍታ ውሃ ሊመጣ አይችልም ብዬ አሰብኩ። ሠላሳ ዓመት መንገድ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሴትየዋ ከብት ጠባቂ ናት። «ሽማግሌ ያጋንናል» አልኳት፤ እኔም ሽማግሌ መሆኔን ረስቼ።

ቱቦዎቹን ስንቀብር የሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዝናብ ቀድሞ ገባ። በቱቦው ጎንና ጎን የሚመለሰው አፈር በእጅ መጠቅጠቂያ ማሽን በየሽፋኑ መረገጥ አለበት፤ ትልቁ ሮለር እዚያ ጠባብ ቦታ አይገባም። ማሽኑ ተበላሸ። ኢንጂነር ሰሎሞን በስልክ «ጋሽ ታምራት፣ ርክክቡ ሐሙስ ነው፣ ባለሥልጣን ይመጣል፣ እንደምንም» አለኝ። እንደምንም አደረግሁት። እርጥቡን አፈር ሰው በእንጨት እንዲደልቀው አድርጌ ከላይ ቀይ ጠጠር አለበስኩት። ግሬደሬን አምጥቼ አንዴ ስሄድበት እንደ ጠረጴዛ ተስተካከለ። ጫማዬን አውልቄ አልሄድኩበትም። ሐሙስ ፈረምኩ።

ሁለት ወር ቆመ።

በዚያ መንገድ የሚመላለስ ላዶ የሚባል የጁባ ልጅ ሹፌር ነበር። ለካምፓችን ናፍጣ ያመጣልናል፤ ሲመለስ ከናይል ዳር ጀልባ ያወረደችውን ማሽላና ዓሣ ጭኖ ይገባል። ወሬ ይወዳል፣ ሲስቅ መሪውን ይደበድባል። አንድ ጠዋት ጭኖ ወደ ጁባ ሲመለስ ካምፑ በር ላይ አቆመ። በኛ በኩል ጠብታ አልዘነበም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሌሊቱን ግን በምዕራብ በኩል፣ ኮሩ ከሚነሳበት ኮረብታ ላይ መብረቅ ሲያበራ አይቻለሁ።

«ኡስታ፣ ሲካ ኩዌስ?» አለኝ። ኡስታ ባለሙያ ማለት ነው፤ መንገዱ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው።

«ኩዌስ» አልኩት፤ ሻዬን እንደያዝኩ።

እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ። አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ አሪየት በሞተር ሳይክል እየበረረች መጣች። ፊቷ ጭቃ ነው።

«ጋሼ፣ መንገዱ ላዶን ይዞት ገባ!»

ስንደርስ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ኮሩ እስከ አፉ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ይጮሃል። ውሃው ልል አፈሬን አግኝቶ በቱቦዎቹ ጎን ሰርስሮ፣ ውስጡን ባዶ አድርጎታል። ከላይ ያለው የጠጠር ልብስ ግን ሳይነካ ስለቆየ ላዶ ያየው ያማረ መንገድ ነበር። መሀሉ ላይ ሲደርስ ተደረመሰ። መኪናው በአፍንጫው ተተክሎ ጋቢናው ተጨማዷል፤ ውሃው ላዶን እስከ ደረቱ ይዞታል።

ገመድ ወገባችን ላይ አስረን እኔና አሪየት ገባን። ቀኝ እግሩ በዳሽቦርዱ ሥር ተቆልፏል። የግሬደሩን ክሪክ አምጥተን፣ እሷ አንገቱን ከውሃ በላይ ይዛ፣ እኔ በዳሰሳ ክሪኩን ከብረቱ ሥር አስገብቼ እየጠመዘዝኩ ወደ ላይ አነሳሁት። ውሃው እየጨመረ ነበር። ላዶ አልጮኸም። ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም፤ ያ ነው የከፋብኝ።

ስናወጣው ሌላ ጭንቅ መጣ። ጁባ ያለችው ከኮሩ ወዲያ ነው፤ መንገዱን ደግሞ እኔ ቆርጬዋለሁ። ሀቦባ ኪደን ሰው ልካ ከናይል ዳር ዓሣ አጥማጆች አስጠራች። ቤንዚን ከካምፑ አምጥተን በሞተር ጀልባ ወንዙን ሽቅብ ይዘነው ወጣን። ግማሽ ቀን ፈጀብን። እግሩን በቀበቶዬ አስሬ፣ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የሄድኩት። ሆስፒታሉ ሕይወቱን አተረፈው። እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

በማግስቱ ኢንጂነር ሰሎሞን ሪፖርት ይዞ መጣ፤ ተጽፎ ያለቀ ነው። «ያልተጠበቀ ከባድ ጎርፍ» ይላል።

«ፈርምና እንሙላው። በሳምንት ይከፈታል» አለኝ።

«ጎርፉ የተጠበቀ ነበር። ሴትየዋ ነግራኝ ነበር።»

«የቷ ሴትዮ?»

«ከብት የምትጠብቀው። ዛፉ ላይ በእጇ አሳይታኛለች። አፈሩንም ሳይረገጥ የሞላሁት እኔ ነኝ። ይህን ነው የምጽፈው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እንዲያ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ጋሽ ታምራት፣ በዚህ ዕድሜህ እንዲህ ብለህ ከጻፍክ ከእንግዲህ ማን ሥራ ይሰጥሃል?»

«አይስጡኝ። እንደገና በቱቦ ጎን አፈር ሞልቼ ሌላ ሰው አላስገባበትም።»

ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ነበር፤ አሪየት ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ሥራውን ያሠራው መሥሪያ ቤት አንብቦ መሻገሪያው እንደገና እንዲሠራ አዘዘ። ኢንጂነር ሰሎሞን ሁለት ሳምንት አላናገረኝም። በመጨረሻ ፎርማንነቱን ከኔ ወስዶ ለአሪየት ሰጠ፤ እኔ ወደ ግሬደሬ ወንበር ተመለስኩ። ትክክል ነበር። ሊያባርረኝም ይችል ነበር።

ሆስፒታል ላዶን ልጠይቅ ሄድኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

«ደህና ነው ብለኸኝ ነበር» አለኝ።

«ብዬሃለሁ።»

«አይተኸው ነበር?»

«አላየሁትም።»

ይቅርታ ብዬ እዚያ አልጋ ሥር የራሴን ሸክም ማራገፍ አልፈለግሁም። ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ከሆስፒታል ወጥቶ እናቱ ዘንድ ማንጋቴን ሰፈር ሲገባም እሑድ እሑድ መሄዴን አላቆምኩም። አንድ እሑድ ስለ መሻገሪያው እሱ ራሱ አነሳ።

«እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትሠሩት?»

ወረቀት አውጥቼ ሳልኩለት። መሻገሪያውን ወደ ላይ፣ ከብቶቹ ወደሚያልፉበት ሰፊ ቦታ አዛውረነዋል። ከፍ ያለ ድልድይ አይደለም፤ ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋ ኮንክሪት ነው። ትንሹ ውሃ በሥሩ ባሉት ቱቦዎች ያልፋል፤ ትልቁ ሲመጣ በላዩ ላይ ሄዶ ይወርዳል። ሲጎድል መኪና ያልፋል።

ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አድርጎ ቆየ። «ሹፌር ከውሃ ሥር ያለውን አያይም። ጠርዙን በምን ያውቃል?»

ይህን ከመሐንዲሶቹም ከኔም ያሰበ አልነበረም። በሁለቱም ጠርዝ የኮንክሪት ምሶሶ እንድንተክል፣ ከታች ነጭ ከላይ ቀይ እንድንቀባው ያደረገን ላዶ ነው። ውሃው ነጩ ላይ ከሆነ እለፍ፣ ቀዩን ከነካ ቁም።

የዚያ በጋ ሥራ እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይከብዳል። ከዩጋንዳ የሚመጡት መኪናዎች በአጀብ ስለሚጓዙ ሲሚንቶ የምናገኘው አጀቡ ካስተም የደረሰ ጊዜ ብቻ ነው። አንዳንድ ሳምንት መንገዱ አስጊ ነው ተብሎ ካምፕ አትውጡ እንባላለን። ናፍጣ ይጠፋል። አሪየት ግን አንዲት ቀን አታባክንም። ሲሚንቶ ከሌለ ድንጋይ እናስፈልጣለን፤ ናፍጣ ከሌለ በአካፋ እንቆፍራለን። በላይኛውና በታችኛው በኩል ውሃው እንዳይሰረስር ወደ ታች የሚወርደውን ግንብ ጠንካራ መሬት እስክናገኝ ቆፈርን። ሠራተኞቹ «በቃ፣ ደርሰናል» ሲሉ አሪየት ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ብረት ትወጋበታለች። ብረቱ ከሰመጠ «ገና ነው» ትላለች። ሦስት ጊዜ ገና ነው አለች። በአራተኛው ብረቱ ጮኸ።

ግራና ቀኝ ያለውን አፈር ስንመልስ በየሽፋኑ ጫማዬን አውልቄ ሄድኩበት። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ልል ቦታ ሳገኝ ማሽኑን ራሳቸው ያመጡ ጀመር። ሀቦባ ኪደን በየቀኑ ከብቶቿን ይዛ ስታልፍ ቆማ ታያለች። አንድ ቀን በትሯን በኮንክሪቱ ላይ መታ መታ አድርጋ ለአሪየት አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ላሞቹ እሺ ካሉ እኔም እሺ ብላለች።»

ላሞቹ ተሻገሩ።

ሊያልቅ ሲል ላዶ በክራንች ከአንድ የጭነት መኪና ወርዶ መጣ። ከአደጋው ወዲህ ቦታውን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። የፈረሰውን አሮጌውን መሻገሪያ ረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ከዚያ አዲሱን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። ተመልሶ አሪየትን ጠየቃት።

«ቀዩ ሲነካ ማን ነው የሚያስቆማቸው?»

«ምልክቱ» አለች አሪየት።

«ምልክት ሹፌር አያቆምም። እኔ ሹፌር ነበርኩ፤ አልቆምም ነበር። ገመድ ስጡኝና እኔ ልቁም።»

አሪየት ወደኔ ሳትዞር ለኢንጂነር ሰሎሞን ደወለች፤ አለቃዬ እሷ ናትና። ስታስረዳው እሺ አለ። ለላዶ ከኮንክሪቱ ዳር፣ ውሃ በማይደርስበት ቦታ ጥላ ያለው ቤት ሠራንለት።

በሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ክረምት የመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ኮቴን ደርቤ ወጣሁ። አሪየትም ወጣች። ውሃው ቱቦዎቹን ሞላ፣ ጠርዙን አለፈ፣ በኮንክሪቱ ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ወርዶ ሄደ። ቦታ ስላገኘ አልተናደደም። በማግስቱ ሲጎድል ከዳር እስከ ዳር ፈተሽነው፤ አንድ ስንጥቅ አላገኘንም። አሪየት ኮንክሪቱ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ቦዩ ውስጥ የገባውን ቅርንጫፍ ሳወጣ ቆየሁ።

ወገቤ ግሬደሩን እምቢ ስላለኝ በዚያው ክረምት ሥራ አቆምኩ። የምሄድ ዕለት ጠዋት ከካምፕ ሰው ሁሉ ተሰናብቶኝ፣ አሪየት በፒክአፕ ይዛኝ ወጣች፤ ሰባት ሰዓት ላይ ከጁባ ወደ አዲስ አበባ የምበርበት ትኬት በኪሴ ነው። መሻገሪያው ጋ ስንደርስ ገመዱ ተወጥሯል። በኛ በኩል አራት የጭነት መኪና ቆሟል። ውሃው ቀዩን በሁለት ጣት አልፎታል።

አሪየት ጡሩምባ ነፋች። ላዶ በክራንቹ ቀስ ብሎ መጣ።

«ላዶ፣ ጋሼ አውሮፕላን አለበት! መኪናው ከፍ ያለ ነው፣ ሁለት ጣት ነው እኮ!»

ላዶ ዞሮ ምሶሶውን አየ። ከዚያ እኔን አየ።

«አይታለፍም» አለ።

«ለኔም?» አልኩት።

«ላንተም።»

አሪየት ልትከራከር አፏን ስትከፍት እጄን አንስቼ አስቆምኳት። ሞተሩን አጠፋች። ላዶ ከቤቱ ወንበር አወጣልኝ፤ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የጭነት መኪና ሹፌሮቹም አንድ በአንድ እየወረዱ መጡ። ስለ ጎማ ዋጋ፣ ወደ ዩጋንዳ ስለሚወስደው የኒሙሌ መንገድ፣ ስለ ሚስቶቻቸው ሲያወሩ ዋልን። ውሃው ከቀዩ የወረደው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ላዶ ተነስቶ ምሶሶውን ቀርቦ አየ፣ ሌላ ጥቂት ጠበቀ፣ ገመዱን ፈታ። አውሮፕላኑ ያለኔ ከተነሳ ቆይቶ ነበር።